የሌለ ሰው ንብ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ደሴ ፒያሳ፣ የልጄ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ አንዲት ንብ ብርጭቆዬ ውስጥ ወደቀች። የሱቁ ሠራተኛ በጨርቅ ሊመታት ሲንደረደር "ተዋት!" ብዬ አምባረቅሁበት። ባልቴቷን ዛሬ ምን ነካት ሳይል አልቀረም። በማንኪያ አወጣኋትና ቀሚሴ ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል አስቀመጥኳት። ስኳሩ ክንፏን አጣብቆታል። ለትንሽ ጊዜ እንደ ሞተች ሆነች። ቆይታ የፊት እግሮቿን ማሻሸት፣ ቆይታ ደግሞ ክንፏን ማርገብገብ ጀመረች። ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሰው እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቢስቅብኝ ምን እንዳልሆን ነው!

ወዲያው ትኩስ ሰምና የኩበት ጭስ ሸተተኝ። ፒያሳ መሐል ኩበት የሚያጨስ ሰው አልነበረም። ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛልና ለአንቺ ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ነገሩ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ የሆነ ነው። እኔ የገራዶ ልጅ ነኝ። ለባል የተሰጠሁት ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ከታች ሜዳው ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ተዳፋት ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ባሌና እናቱ ብቻ ናቸው፤ አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል። ከገራዶ ብርድ ወጥቼ ወደዚያ ሙቀት ስወርድ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ቀፎው ነበር። ከመኝታችን ግድግዳ በስተውጭ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በጠፍር ታስሮ ተጋድሟል። በዘንግ የተጠለፈ፣ በእበትና በአመድ የተለሰነ ረጅም ቀፎ ነው። ጋደም ስል ግድግዳው ያጉረመርማል። እህቶቼ ሊጠይቁኝ መጥተው "ባልሽ ያንኮራፋል ወይ?" ሲሉኝ "እሱስ አያንኮራፋም፤ የሚያንኮራፋው ግድግዳው ነው" አልኳቸው፤ በሳቅ ፈረሱ።

ባሌ ዝምተኛ ነበር። ከኔ ጋር ከሚያወራው ከንቡ ጋር የሚያወራው ይበዛል። ጠዋት ሱብሂን ሰግዶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ቀጥታ ወደ ቀፎው ነው። ቀናሁ፤ እውነቴን ነው። ቀፎውን እንደ ጣውንት አየው ጀመር። አንድ ቀን ታዲያ አኩርፌ ምድጃው አጠገብ ስቀመጥ በሩ ላይ ቆሞ "ነይ እስቲ" አለኝ። ወጣሁ። እጄን ያዘና ቀፎው ላይ አሳረፈው። ሞቃት ነበር፤ ቆዳው ሥር ሕይወት እንዳለው ከብት ይንቀጠቀጣል።

"በጣትሽ አጥንት ቀስ ብለሽ ኳ አድርጊና ስሚ" አለኝ።

ኳ አደረግኩ። ከውስጥ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ተነሣና ወዲያው ጸጥ አለ።

"ይሄ ደህና ነን ማለታቸው ነው፤ አውራቸው አለ። አውራ የሌለው ንብ ሲነካ ቶሎ ዝም አይልም፤ ረጅም ለቅሶ ነው የሚያለቅስ።"

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ይዞኝ ይሄድ ጀመር። በቀፎው መግቢያ ሥር ወድቀው የሚገኙትን ንቦች አንሥቶ መዳፉ ላይ ያሳየኛል። ክንፋቸው የተተለተለ ከሆነ በሥራ ያረጁ ናቸውና አታስቢ ይለኛል፤ ምላሳቸው ወጥቶ የወደቁ ከሆነ ግን ክፉ ነገር ቀምሰዋል። እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው የሚገቡ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚመገብ ልጅ አለ ማለት ነው። የቀፎውን ጀርባ በመዳፍ ብድግ አድርጎ ክብደቱን መገመት፣ ጉንዳን እንዳይወጣ ግድግዳው ሥር አመድ መነስነስ፣ አፍንጫን ወደ ቀዳዳው ማስጠጋት፤ ይሄ ሁሉ የጠዋት ሥራችን ሆነ። ጤነኛ ቀፎ የሚሸተው ሰምና አበባ ነው። እንደ ከረመ ሊጥ ኮምጠጥ ካለ ነገር አለ። ሴት ባሏን የት እንደወደደችው ብትጠየቅ ብዙ ስፍራ ትጠራ ይሆናል፤ እኔ የወደድኩት እዚያ ቆሜ፣ ሳሸት ነው።

ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን ሄደ። ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ይሠራ ነበርና ከየመንደሩ ጎረምሳው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። የኅዳርን ማር ቆርጠን እንደጨረስን እሱም ከሚያልፉ መንገደኞች ጋር ተነሣ። በሩ ላይ ቆሞ "ክረምት ሳይገባ እመጣለሁ። ንቡን አደራሽን" አለኝ። ንቡን! እኔንስ ለማን አደራ አልከኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሙሽራ እንዲህ አትናገርምና ዋጥኩት። እስከ ጠመዝማዛው ድረስ ሲሄድ አየሁት። ካሚዮን አቧራ አስነሥቶ አለፈና አቧራው ሲበተን መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

አማቴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ምላሳቸው ስለታም ሴት ነበሩ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ "ሙሽሪት" ነኝ። ልጃቸው በሄደ ማግስት ጠዋት ቀፎው ሥር አቁመው የቤቱን ደንብ ነገሩኝ።

"ስሚ ሙሽሪት። ንብ የአባወራውን ነፍስ ያውቃል። አባወራው የሞተ እንደሆነ አያከርምም፤ ይነሣል። የልጄን አባት ቀብረው ወንዶቹ ሲመለሱ ይኸ ቀፎ ባዶውን ነበር፤ ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ይኸኛውን ንብ ልጄ በእጁ ይዞ ያገባው ነው። ንቡ እስካለ ልጄ አለ።"

"እሺ እማ።"

"ጭቅጭቅ አይወድም። ለቅሶማ ጭራሽ! ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው። ልቅሶ ካማረሽ ቦርከና ወርደሽ ለውሃው አልቅሺ፤ እዚህ ግቢ እንባሽን እንዳላይ።"

ያን ጊዜ የሚያስለቅሰኝ ነገር ስላልነበረ ደንቡ አልከበደኝም። እንዲያውም ሳቄ መጥቶ ነበር።

ክረምቱ ገባ፤ አልመጣም። ክረምቱ ወጣ፤ አልመጣም። "መንገዱ ሩቅ ነው" ይላሉ አማቴ፤ ጠዋት ጠዋት ቀፎውን ኳ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። እኔም ኳ አደርጋለሁ። የእሱን እጅ ቦታ የእኔ እጅ ያዘ። ንቡን ሳይ እሱ ምን ያስብ እንደነበር የማውቅ እየመሰለኝ መጣ፤ አብሬው ከኖርኩበት ጊዜ ይልቅ በሌለበት ጊዜ ለመድኩት ብልሽ አትስቂብኝ።

በጥቅምት አንድ የገበያ ቀን ሰም ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰማችንን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚገዙን አንድ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸውን ስጠብቅ ከሲታ፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ሰው ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። የሐርቡ ሰው ነኝ አለኝ።

"ከዳገቱ ላይ ያለው የንብ ቤት ምራት አንቺ ነሽ?"

"ነኝ። ኸይር ነው?"

አጠገቤ ቁጢጥ አለና መሬቱን በእንጨት ይጭር ጀመር። ያን ጊዜ አወቅኩ። ሰው ኸይር ወሬ ይዞ መሬት አይጭርም።

ከባሌ ጋር መንገድ ይሠራ እንደነበር፣ ባሌን በረሃ ውስጥ ትኩሳት እንደያዘው፣ ውሃ ውሃ እንዳለ፣ ሳይነጋ እንዳረፈ ነገረኝ። "በእጃችን ነው የቀበርነው፤ ወላሂ። አጥበን፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረን ነው። እንደ ውሻ አልተጣለም" አለኝ። ይሄን ሲል ድምፁ ተሰበረ። "ከናቱ ዘንድ ውሰጂኝ፤ አደራ አለብኝ፣ ልንገራቸው" አለ። እኔ ግን "አንተ ሂድ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ። የሱን ሞት ከባዕድ አፍ እንዳይሰሙ ይሆናል።

ሰሙን እንደታቀፍኩ ዳገቱን ወጣሁ። ቄሱን አልጠበቅኳቸውም። ካሚዮኖች እያቃሰቱ ያልፉኛል፣ አቧራው አፌ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር እለማመዳለሁ። "እማ፣ ይቀመጡ።" አይሆንም። "እማ፣ አላህ የሰጠውን ይወስዳል።" ይሄም አይሆንም። ግቢው ስደርስ ግን አማቴ ቀፎው ሥር ቆመው በእጃቸው ዝም በይ እያሉ ይጠሩኛል። ፊታቸው እንደዚያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። መግቢያው ላይ ንቡ ይጋፋል፤ የሁሉም እግር በቢጫ ዱቄት ተሞልቷል፤ ግቢው በሙሉ አበባ አበባ ይሸታል።

"አጂብ! እይውማ፣ እይው! እንዲህ ሲገባ አይቼ አላውቅ። ልጄ ደህና ነው ሙሽሪት። በደህና ሆኖ ነው እንጂ እንዲህ ባልሆነ። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ!"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። በነጋታው ነገ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ሆድ ብዙ ነገር ይፈጃል ልጄ፤ ግን አያላምጥም። ጋደም ስል ግድግዳው ያጉረመርማል፤ የሞተ ሰው ንብ ከጭንቅላቴ ጀርባ ይሠራል። አፌን በጋቢ አፍኜ ለማልቀስ ሞከርኩ፤ አማቴ እንቅልፋቸው ስስ ነውና "ምን ሆንሽ?" አሉ። "ቁንጫ ነው" አልኳቸው። እንዳሉኝ ቦርከና ወረድኩ፤ ልብስ አጣቢ ሴቶች ወንዙን ሞልተውት ሰርግ ያወራሉ። ከነሱ ጋር ተቀምጬ ሳቅሁ። የአገሩ ሰው ሁሉ ሲሞትበት ድንኳን ይጣልለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል፣ ሰው አልጋው ሥር ተኝቶ ያስተዛዝነዋል። ለእኔ ባል ያለቀሰ አንድ የሐርቡ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ገበያ መሐል፣ ቁጢጥ ብሎ።

ንቡን ግን ጠበቅኩት። ጠዋት ኳ አደርጋለሁ፣ እሰማለሁ፣ የወደቀ አነሣለሁ፣ አመድ እነሰንሳለሁ። አደራ ነዋ። ይህን ባደረግሁ ቁጥር ንቡ ይበረታል፤ ንቡ በበረታ ቁጥር አማቴ ደስ ይላቸዋል። የኅዳር ማር ሲቆረጥ ነጭ ነጩን መርጠው በእንስራ አሽገው "የልጄ ድርሻ" ብለው ከመደቡ ራስጌ አኖሩት። እጄ የሠራው ደስታ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ውሸት እንደሆነም እያወቅኩ፣ አጠገባቸው ቆሜ እንስራውን ደገፍኩላቸው።

በጥር አባቴ ከገራዶ መጣ። ብርዝ ቀረበለት፣ ስለ ከብቱ ተጠየቀ፣ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ እመት፣ እንዳይከፋዎት። ልጄ ገና አንድ ፍሬ ልጅ ናት። ባልዋ ካለ ይምጣ፤ ከሌለም የለም ይባልና ልውሰዳት። ሚስትም አይደለች፣ ፈትም አይደለች፤ ምን ሆና ትኑር?"

አማቴ አልተቆጡም። ቀፎው ወዳለበት ግድግዳ በአገጫቸው እያመለከቱ "ንቡ ይናገር" አሉት። "ልጄ ከሌለ ንቡ ይነሣል። ክረምት እስኪገባ እንይ። ከተነሣ፣ የአላህ ፈቃድ ነው፣ ልጅህን በገዛ እጄ በቅሎ ላይ አወጣልሃለሁ። ካለ ግን የልጄ ሚስት ናት፤ የትም አትሄድ።"

አባቴ ተስማማ። የንብን ነገር የማያከብር ሰው በዚያ አገር የለም። ሲሄድ እስከ መንገዱ ሸኘሁት። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብሎ ቆሞ ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንዲት ቃል ብናገር በዚያው ይዞኝ ይሄድ ነበር። የገራዶ ብርድ፣ የእህቶቼ ጫጫታ፣ የእናቴ ቤት ሽታ ናፍቆኛል። ግን ቃሏ ከኔ አፍ ወጥታ በማግስቱ አማቴ ጆሮ ትገባለች። "እንዳሉት ይሁን አባዬ" አልኩት።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ሰማዩ ቢሉት ቢሉት አንዲት ጠብታ እንቢ አለ። ማሽላው ሳይዘራ ቀረ፣ ግራዋው ደረቀ፣ ካሚዮኖቹ የሚያስነሡት አቧራ ቅጠሉን ሁሉ አመድ አስመሰለው። ንቡ ባዶ እግሩን ወጥቶ ባዶ እግሩን ይመለሳል። ቀፎውን ብድግ ሳደርገው እንደ ገለባ ቀለለኝ። ኳ ስለው የሚመልስልኝ ድምፅ ሳሳ፤ እንደ በሽተኛ ሰው "አለሁ" ነበር። አንድ ቀን አፍንጫዬን ሳስጠጋ ያ የሊጥ ሽታ መጣብኝ።

አማቴም በዚያው ሰሞን እግራቸው ከዳቸው። ወጥተው ቀፎውን ማየት ስላልቻሉ መኝታችንን እንድንለዋወጥ ጠየቁኝ፤ ግድግዳው ጥግ፣ የእኔና የባሌ መደብ ላይ፣ እሳቸው ተኙ። እኔ ምድጃው ጋ ወረድኩ። ይገርምሻል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ያስጠላኝ የነበረው ማጉረምረም እንደ ሰው ናፈቀኝ።

"ምን አሉ?" ይሉኛል ጠዋት ጠዋት።

"ደህና ናቸው እማ።"

አንድ ማለዳ እሳቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው ኩበት አጭሼ የቀፎውን የኋላ ክዳን ከፈትኩ። የፈራሁት ሆኖ አገኘሁት። ሰም የሚበላው ብል ገብቷል። ጀርባው በኩል ያለው የማር እንጀራ ሁሉ በድር ተተብትቦ ጠቁሯል፤ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱበታል። ንቡ ከግማሽ በታች ሆኖ ወደፊት ሸሽቷል፤ እፍኝ የምታህል እጭ ከቦ ይጠብቃል።

ቢላዋውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ያሰብኩትን አልደብቅሽም። ክዳኑን መልሼ ብገጥመውስ አልኩ። ምንም ሳላደርግ፣ ምንም ሳልናገር፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ትሉ ይጨርሰዋል፤ የተረፈውም ይነሣል። ንቡ ይናገራል። ባሌ በንቡ አፍ ይሞታል። እሳቸው በወጉ ያለቅሳሉ፣ እኔም በወጉ አለቅሳለሁ፣ አባቴ በቅሎ ይዞ ይመጣል። ደግሞስ ውሸት አይደለ! ሞቷል እኮ። ክዳኑን አንሥቼ ቀዳዳው ላይ አስጠጋሁት፤ እጄ ላይ እስካሁን ክብደቱ አለ።

ያን ጊዜ ከውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ነቅተው ከተኙበት በጣታቸው ግድግዳውን መምታታቸው ነው። ፊቴ፣ ክፍቱ ቀፎ ውስጥ፣ ያቺ ጥቂት ንብ ክንፏን ሁሉ ባንድ ላይ አራገበችና "ሽሽሽ" ብላ ዝም አለች። አንዷ ደግሞ የራሷን እጥፍ የሚያህል ትል ከድሩ እየጎተተች ነበር፤ እሷ ለዚያ ድምፅም ሥራዋን አላቆመችም።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አማቴ ከግድግዳው ወዲያ። ለሰው አልነበረም፤ ለራሳቸው ነው።

ተነሣሁ። ድር የያዘውን እንጀራ እየቆረጥኩ ወደ እሳቱ ጣልኩት። ትሉን አንድ ባንድ ለቀምኩ፤ የቀፎውን ወለል በላባ ጠረግኩ። ጥንጁት አጭሼ ባዶውን ጎን አጠንኩት። ንቡ አንሷልና መግቢያውን በጭቃ አጥብቤ የሚጠብቁት በር ትንሽ እንዲሆን አደረግኩ። ያን ቀን የተነደፍኩት መነደፍ! አንድ ዓይኔ ተደፈነ። "ምን ሆንሽ?" ሲሉኝ "ተናደፉ እማ፤ ብርቱ ናቸው" አልኳቸው፤ ሳቁ።

የሚበሉት ግን አልነበራቸውም። ከመደቡ ራስጌ ያለውን እንስራ አየሁት። እሳቸው ሳያዩ በጭልፋ ጥቂት ጥቂት እየቀነስኩ፣ በውሃ በጥብጬ፣ እንዳይሰምጡ ገለባ ጣል አድርጌበት፣ ከጎኑም ጥቂት የገብስ በሶ እያኖርኩ ጠዋት ጠዋት አቀረብኩላቸው። ልጃቸው አይበላው ነገር፤ ንቡ ይብላው አልኩ። በበጋው መጨረሻ እንስራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በሰማዩ ጥግ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

ዝናብ ከጣለ በኋላ አባቴ ተመልሶ መጣ። በቅሎ ስቦ፣ ኮርቻዋን በአዲስ ጨርቅ አልብሶ ነው የመጣው። ግቢው ሲገባ ማንንም ሰላም ሳይል ቀፎው ሥር ሄዶ ቆመ። ንቡ ይወጣል፣ ይገባል። ብዙ ቆሞ አየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "እንግዲህ አለ ማለት ነው፤ አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያምጣልሽ" አለኝ። ለእኔ ደስ ብሎት ነበር፤ ይሄ ነው የጎዳኝ። ባዶዋን በቅሎ እየጎተተ ዳገቱን ሲወጣ ኮርቻው ላይ ያለው አዲስ ጨርቅ እስከ ሩቅ ድረስ ይታየኝ ነበር።

አሁን ልጆች ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ደሴ ላይ ቤት አቁሜ ስናገረው ቀላል ይመስላል። ሁለተኛ ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ያን ጊዜ ግን ዕድሜዬ በሙሉ እዚያ ቀፎ ሥር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በመስከረም ንቡ ከልክ በላይ ሞላ። አንድ ረፋድ ግማሹ አውራውን ተከትሎ ወጣና ግቢው አፋፍ ያለችው ብሳና ላይ እንደ ትልቅ ቅል ተንጠለጠለ። ባሌ ጠልፎት የሄደ ባዶ ቀፎ ነበር፤ በጥንጁት አጥኜ፣ ውሃ እየረጨሁ፣ ብቻዬን አገባሁት። አማቴን ደግፌ አውጥቼ በር ላይ አስቀምጫቸው ነበርና ሁሉንም አዩ። "ሁለት ሆነ! ልጄ በረከት ላከ" አሉ። በጣም ደክመው ነበር፤ ያን ቀን ግን ሕፃን ይመስሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልቆዩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከንፈራቸውን በብርዝ ሳረጥብላቸው እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

"ሙሽሪት።"

"አቤት እማ።"

"ልጄ ሲመጣ፣ ለምን ቆየህ ብለሽ እንዳትቆጭው።"

"አልቆጣውም እማ።"

"ደክሞት ነው የሚመጣ። አትቆጭው።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ። ልጃቸው በሕይወት አለ ብለው ነው የሞቱ። ይሄን አደረግኩላቸው፤ ሌላ ያደረግኩት ነገር ካለ አላውቅም።

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ከላይ ከታች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሰሙን የሚገዙን ቄስ ሳይቀሩ መጡ። ጀናዛው ወጥቶ ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሄዱ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቀረን። አንዷ ሙሾ አነሣች። እኔ ቀፎዎቹን አየሁ። ንቡ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ እግሩን በቢጫ ዱቄት ሞልቶ ይገባል። ያን ጊዜ ነው ከሆዴ ሥር የሆነ ነገር የተነሣ። ጮህኩ። ነጠላዬን ጣልኩ፣ መሬት ላይ ወደቅኩ፣ ፊቴን አፈሩ ውስጥ ቀበርኩ። በረሃ ውስጥ ውሃ ውሃ ላለው፣ ሰው ሳያለቅስለት ለተቀበረው፣ እጄን ይዞ ቀፎው ላይ ላሳረፈው ሰው አለቀስኩ። ስሙ አፌ ላይ ደርሶ በጥርሴ ያዝኩት። ለሳቸውም አለቀስኩ፤ የቱ ለማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።

ሴቶቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ይሰማኛል። "ለአማቷ እንዲህ የምታለቅስ ምራት በዓይናችን አላየንም" ይላሉ። "የወለደቻት አይደለችም እንዴ?" ትላለች አንዷ፤ "ኧረ ምራቷ ናት" ትላታለች ሌላዋ። አንድ ደግ አሮጊት ከመሬት አነሡኝ። ራሴን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው አፈሩን ከፊቴ በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አጽናኑኝ።

"ይብቃሽ የኔ ሆድ፤ ዓይንሽን አታጥፊው። ባልሽ ሲመጣ በምን ታይዋለሽ?"

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከልባቸው ነው የሚሉት።

"ኢንሻ አላህ" አልኳቸው።